ከወሰን እስከ ጣና፤ የአንድ አሮጌ የጀልባ ሞተር ነገር

ወሰን ባሕር የለውም። ከመገናኛ ተነስቶ በኮተቤ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወጣ ሰው በስተግራው የየካንና የእንጦጦን ተራሮች ያያል፤ በስተቀኙ ቤት በቤት ላይ ሲሠራ ያያል፤ ሐይቅ ግን አያይም። «ባሕር» የሚል ስም ያለው ነገር የግድ ከተፈለገ ተራራውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ አለ፤ እሱም ቢሆን ውሃ ጠጪ ነው። እንግዲህ በዚህ ሰፈር፣ በአንድ ጋራዥ ጓሮ፣ ያለቀ ጎማና የዛገ ላሜራ ከተከመረበት ሥር የጀልባ ሞተር ተጋድሞ ብናገኝ መጀመሪያ ሳቅን።

«ለመሆኑ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አልናቸው ባለጋራዡን።

«እኔስ ምን እሠራለሁ?» አሉን ጋሼ። «እሱም እኔም ከጣና ነው የመጣነው። ልዩነታችን እኔ በእግሬ መምጣቴ ነው።»

ጋሼ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ እኛም እናከብርላቸዋለን። ከሃምሳ ዓመት በፊት በጎልማሳነታቸው ባሕር ዳር የጀልባ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው፣ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው መኪና ጠጋኝ ሆነዋል። ሞተሩን አንድ ጀልባ ያለው ሰው ለጥገና ልኮላቸው፣ ሰውየው ሞቶ፣ ወራሽ ሳይጠይቅ ቀርቶ ነው እዚያ የተጋደመው። ያን ሰሞን ደግሞ ጋራዡ የቆመበት ቦታ ለሌላ ሥራ ይፈለጋልና ዕቃቸውን እንዲያነሱ ተነግሯቸው ነበር። የሞተሩ ዕጣ በኪሎ መሸጥ ነበር፤ አልሙኒየሙ ቀልጦ ድስት ይሆናል።

«ከሠራ ዘጌ ለወንድሜ ልጅ እሰደዋለሁ። ካልሠራ ድስት ይሁን፤ ድስትም ሰው ያበላል» አሉ።

እኛ አራት ተማሪዎች ነበርን። ከመካከላችን አንዱ መካኒካል ምሕንድስና፣ አንዷ ታሪክ፣ ሁለታችን ሥነ ጽሑፍ እንማራለን። እናነሳዋለን አልን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሥራ ዘገባ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩን ስንፈታ ሌላም ነገር ስለተፈታልን ታሪክ ጨምረንበታል።

*

ወሰን ማለት ድንበር ነው። የሰፈሩ ስም ከየትም ይምጣ፣ ከበላዩ ያለው ተራራ ግን በእርግጥ ወሰን ነው። በእንጦጦ ጫፍ ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ደቡብ የወረደው በእነቀበና አድርጎ አቃቂን፣ በአቃቂም አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ወደ ሰሜን የወረደው በሙገር በኩል አባይ ገብቶ እስከ ሜዲቴራንያን ይሄዳል። ስለዚህ ወሰን ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ጀልባ ማውራት እንደሚመስለው እብደት አይደለም። ከራሳችን በላይ ያለው ጣራ የአባይ ጣራ ነው።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። በእኛ አገር የጀልባ ታሪክም እንደዚሁ ነው፤ ውሃው ሞልቶ የሚሄድበት ዕቃ ጠፍቶ የኖረ ታሪክ ነው። ጣናን ከጥንት ጀምሮ ያሻገረው ታንኳ የደንገል ነው። ደንገል ታስሮ ይሠራል፣ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በየጊዜው ደርቆ ካልተጠበቀ ይበሰብሳል፣ ወራት አገልግሎ በአዲስ ይተካል። ይህን ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ወይጦዎች ናቸው። ሐይቁን ከማንም በላይ እያወቁ፣ ጉማሬ አዳኞች ናቸው ተብለው ከማዕድ ተለይተው የኖሩ ሕዝብ ናቸው። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ነገሥታቱና መነኮሳቱ በታንኳቸው ተሻግረው ታሪካቸውን አጻፉ፤ ታንኳውን ያሰረው እጅ ግን የስድብ ስም ነው የተረፈው።

በሐይቁ ላይ ከመቅዘፊያና ከመቅዣ እንጨት ሌላ ኃይል ለማሠራት ያሰቡት፣ እኛ እስከምናውቀው፣ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በኋላ መቅደላ የታሰረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ ንጉሡ በ1858 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1866) በቆራጣና በዘጌ አካባቢ ሳሉ የእንፋሎት መርከብን አምሳል ለማሠራት ሞክረዋል። ጀልባው የደንገል ነው፤ በግራና በቀኙ ጎማ ተገጥሞለታል፤ ጎማውን የሚያዞረው እንፋሎት ሳይሆን በእጀታ የሚያሽከረክረው የሰው ክንድ ነው። ሳቅ የሚያሳየው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ሴባስቶፖልን በጋፋት ያሠሩት ንጉሥ የጎደላቸው ምን እንደሆነ በትክክል አውቀውት ነበር እንላለን። ጎማውን አግኝተውታል፤ ያጡት ሞተሩን ነው።

ከዚያ በኋላ ሞተርና መርከብ ወደ ውሃችን የገቡት በሌሎች እጅ ነው። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ ቦታ ተሰጠ፤ ከዚህም የጋምቤላ ወደብ ተወለደ። የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ የምዕራቡን ቡና ያጋዙ ነበር፤ እሱም ባሮ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ነው። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ሀብታም በብረት ጀልባ አባይን እወርዳለሁ ብሎ ተነሳ፤ ጀልባዎቹ ገና ብዙ ሳይጓዙ በአለቱ ተሰባበሩ። ጣሊያኖችም በወረራቸው ዘመን በጣና ላይ የሞተር ጀልባ አሰማርተዋል።

እንደኛ ሞተር ያለ፣ ከጀልባ ኋላ በሁለት ብሎን ተቆንጥጦ የሚንጠለጠል ሞተር በአባይ ሸለቆ በደንብ የታወቀው በ1960 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 1968) ይመስለናል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድና ፍላጎት፣ በእንግሊዛዊው ሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት፣ እንግሊዞችና ኢትዮጵያውያን ሆነው አባይን ወረዱ። ከሸፈርታክ በታች ላለው ክፍል ሞተር የተንጠለጠለባቸው የጦር ሠራዊት ጀልባዎች፣ ከጣና እስከ ሸፈርታክ ላለው ፏፏቴና አለት ደግሞ በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ነበሩ። አንድ ወታደር ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶታል፤ ሽፍቶችም ተኩሰውባቸዋል። ስለዚህ ጉዞ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ፎቶግራፉም በዓለም ጋዜጣ ወጥቷል። ሆኖም አለት የመታውን ፕሮፔለር ማታ በባትሪ ብርሃን የቀየረው ሰው ማን ነበር? ይህን ለማግኘት ብዙ ገጽ መግለጥ ያስፈልጋል።

*

የዚህ ዓይነቱ ሞተር ራሱ የመቶ ዓመትና ጥቂት ዕድሜ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ካሜሮን ዋተርማን የሚባል አሜሪካዊ የሕግ ተማሪ (ልብ በሉ፣ ተማሪ!) የሞተር ሳይክል ሞተር ከጀልባ ኋላ ሰቅሎ ሞከረ፤ ከዚያም ሠርቶ ሸጠ። በ1909 ከኖርዌይ በሕፃንነቱ የተሰደደው ኦሌ ኤቪንሩድ በሚልዋኪ ከተማ የተሻለውን አውጥቶ ገበያውን ያዘው፤ የመጀመሪያው ሞተር ጉልበት አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። የጆንሰን ወንድማማቾች በ1922 ቀላሉን ሞተራቸውን ይዘው መጡ። ኋላ ኤቪንሩድና ጆንሰን በአንድ ኩባንያ ሥር ሆኑ። ኩባንያው በ2000 መጨረሻ ከሰረ፤ ስሙን የገዙት ሰዎችም ኤቪንሩድን መሥራት በ2020 አቆሙ። የእኛ ሞተር ጆንሰን ነው፤ አሥራ ስምንት የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ፒስቶን። እናቱም አባቱም የሞቱበት ሞተር ነው ማለት ነው። እንግዲህ ማን ያስታምመው?

ሥራው ሲጀመር ገመዱን ብንጎትት አልነቃነቅ አለ። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ጉልበት የሚሠራ መስሎን ስንታገል ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ተዉት ይጠጣ» አሉ። በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለን ጨመርንበት። አምስት ቀን ጠጣ። በስድስተኛው ቀን በጣት ግፊት እሺ አለ።

ቀጥሎ ከላይ ያለውን ቮላኖ ማውጣት ነበር። መዶሻ ያነሳነውን ልጅ ጋሼ እጁን ያዙት። ቮላኖው ውስጥ ማግኔት አለ፤ ማግኔት በመዶሻ ከተደበደበ ኃይሉ ይደክማል፣ ዘንጉም ይጣመማል። በመንቀያ በዝግታ ወጣ። ከሥሩ ሁለት ፑንቲናና ሁለት ቦቢና አገኘን። ፑንቲናዎቹ ዝገው ነበር፤ በቀጭን ሰንፔር ወረቀት ጠረግናቸው፤ ሲከፈቱ ክፍተታቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንዲሆን ለካን። ቦቢናዎቹ ግን ልባሳቸው እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። የዚህ ዘመን ጆንሰኖች ሁሉ የታወቀ በሽታ ነው አሉ። ቦቢና ከሌለ እሳት የለም። አንዲት ጓደኛችን አሜሪካ ያለ የአክስቷን ልጅ ለመነችና ሁለት ወር ጠበቅን።

እየጠበቅን ሌላውን ሠራን። የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ የቡሽ ነው፤ ቤንዚን መጥጦ ከብዶ ነበርና አድርቀን ቫርኒሽ ቀባነው። ከታች ያለውን የማርሽ ቤት ስንከፍት ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ፈሰሰ። ይህ ምልክት ነው፤ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ውሃ ከገባ ፓራኦሊዮው አልቋል፣ እንዲሁ ከተነዳ ማርሹና ኩሽኔታው ይበላሻል። ልኩን ይዘን መርካቶ ስንዞር ውለን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚገጥም አገኘን።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪዋ አንድ ነገር አስተዋለች። ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ዳዶ፤ የጋሼ አፍ ሙሉ በሙሉ ጣሊያንኛ ነው። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ ቃሉ ግን በዘይት በጨቀየው እጅ ተይዞ ቀረ። ቃሉን ያቆዩልን የቋንቋ ሊቃውንት አይደሉም፤ እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች መኪና ሥር ተኝተው ነው ያቆዩት። የአማርኛን ታሪክ የሚያጠና ሰው አንድ ቀን ጋራዥ ቢውል አይከስርም።

ቦቢናው መጣ። ገጠምን፣ ቤንዚን በዘይት ቀላቀልን፤ ሃያ አራት እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት። ይህ ሞተር እንደ መኪና የዘይት መያዣ ስለሌለው ኩሽኔታውንና ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይት ነው። ገመዱን ሳብን። አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ... በአሥራ አንደኛው ጮኸ! እኛም ጮኽን፣ ተቃቀፍን፣ ሰፈሩ በጭስ ተሞላ። ጋሼ ለምሳ ወጥተው ነበር። ድምፁን ሰምተው እየሮጡ መጡና ምንም ሳይናገሩ አጠፉት።

በርሜሉ ባዶ ነበር። ሞተሩን ያለ ውሃ ነው ያስነሳነው።

የዚህ ሞተር ማቀዝቀዣ እግሩ ውስጥ ያለች፣ መዳፍ የማትሞላ የጎማ ፋኖ ናት። ውሃ እየሳበች ወደ ላይ ትረጫለች፤ ውሃው ራሱ ማለስለሻዋ ነው። በደረቅ ከዞረች በጥቂት ሴኮንድ ትቃጠላለች። እግሩን ስንፈታ ፋኖዋ ተበጣጥሳ፣ ጥርሷ ረግፎ አገኘናት። በዚያ ቀን በርሜሉን ያልሞላነው ሰነፍን ብለን አይደለም። ውሃ ወደ ሰፈሩ የሚመጣው በሳምንት ጥቂት ቀን ነው፤ የጋሼን ቤተሰብ ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ለሞተር መድፋት ነውር መስሎን ነው። ጋሼ አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። «ውሃ የቸገረው አገር የውሃ ሞተር እንዲህ ነው የሚያደርገው» ብለው ብቻ ገቡ። ጋራዡን የሚለቁበት ቀን አራት ወር ቀርቶት ነበር።

*

በዚያ የጥበቃ ጊዜ ብዙ አወራን። አንድ ቀን ጋሼ በልጅነታቸው አባታቸው እጅ ሥራ እንዳይማሩ እንዴት እንደከለከሏቸው ነገሩን። ብረት የሚነካ ሰው ቀጥቃጭ ነው፣ ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ለጋብቻ እንኳ «ሞተር ጠጋኝ» ማለት አፍረው «የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» ብለው እንደነበር ሲነግሩን ሳቁ፤ እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ብረት ሠሪውን ቡዳ፣ ሸማኔውን በሙያው፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያላችሁ አገር አታጥፉ የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1955 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ፖሊቴክኒክ ሲከፈት ብረት መያዝ በዲፕሎማ የሚከበርበት ጊዜ መጣ። ቢሆንም ዛሬም ልጁ መካኒክ ልሁን ቢለው የሚደነግጥ ወላጅ ስንት ነው? እኛስ? በኪሳችን ብዕር ይዘን፣ መዶሻ ስንይዝ እጃችን እንዴት እንዳፈረ እናውቀዋለን። የቴዎድሮስ ጀልባ ለምን ሞተር አጣ ብለን ስንጠይቅ መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ንቀት ነው ብለን እንጠረጥራለን። ሠሪው በሚናቅበት አገር ሥራው አይወራረስም፤ እያንዳንዱ ትውልድ ከሀ ይጀምራል።

ስለዚህ ጋሼ የሚያውቁትን በደብተር መጻፍ ጀመርን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኛ እንጽፋለን። ከደብተሩ ጥቂቱን እዚህ እናካፍላችሁ። ሞተሩ ሥራ ሲጨርስ የቤንዚኑ ቧንቧ ይነቀልና ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ይሠራ፤ ቤንዚን በውስጡ ከቆየ እንደ ሙጫ ይሆናል። ሞተሩ ቆሞ ይቀመጥ፤ ከተጋደመም እግሩ ከራሱ በላይ አይሁን፣ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደር ይፈሳል። የማርሽ ዘይቱ ቢያንስ በዓመት አንዴ ተፈትቶ ይታይ። ፕሮፔለሩን የምትይዘው ትንሽ ፒን አለት ሲነካ እንድትሰበር ተብላ ነው የተሠራችው፤ እሷ ካልተሰበረች ማርሹ ይሰበራል። ስለዚህ በምስማር አትተኩ፣ ትርፍ ፒን በኪሳችሁ ያዙ። ከሁሉ በላይ ከኋላ ውሃ ሲረጭ ካላያችሁ አጥፉ።

ሌላም አስተማሩን። ወሰን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ሞተሩ ያፍናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ የካርቡራተሩን መርፌ ጠበቅ አድርገን ቤንዚኑን ቀነስንለት። «ጣና ሲወርድ ይተነፍሳል» አሉ ጋሼ። ጣናም ቢሆን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ከወሰን ግን ዝቅ ይላል።

ፋኖዋ የደረሰችው ጋራዡ ሊለቀቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። በዚያን ዕለት ከየቤታችን በጄሪካን ውሃ ተሸክመን መጣን፤ ጎረቤቶችም ጨመሩልን። ፕሮፔለሩን ፈታን፤ በርሜል ውስጥ ከዞረ ውሃውን ደፍቶ ይጨርሰዋልና። እግሩ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገባ። በዚህ ጊዜ ገመዱን የሳቡት ጋሼ ናቸው። በሦስተኛው ተነሳ። ሁላችንም ያየነው ሞተሩን አልነበረም፤ ከኋላው የሚወጣውን ውሃ ነበር። እንደ ክር ቀጥኖ መጣ፤ ከዚያ ወፈረ። ጋሼ እጃቸውን ሰደዱና ነኩት፤ ለብ ያለ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሠራ። የሰፈር ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩ ነበር። አንዱ፣ «ጋሼ፣ መርከቡስ?» ብሎ ጠየቀ። «ቀድሞ ሄዷል» አሉት።

ሞተሩ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ደብተሩ በፕላስቲክ ታሽጎ አብሮት፣ በአውቶቡስ ጣራ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ጋራዡ ዛሬ የለም። ጋሼ ልጃቸው ቤት ናቸው፤ መሣሪያቸውን በከፊል ለእኛው መሐንዲስ ሰጥተውታል። ሞተሩ ከሄደ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዘጌ ስልክ ተደወለ። የወንድማቸው ልጅ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ አስቸግሮት፣ ደብተሩን ገልጦ፣ መርፌውን ሩብ ዙር ቢከፍት መልካም ሆኖ ሄደ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ስለ ሞተሩ አልጠየቁም። «ደብተሩን አነበበው እንዴ?» አሉ። ደግመው ጠየቁ። አዎ አንብቦታል አልናቸው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የመጣነው ለዚህ ነው። አባይን የወረዱት ሰዎች መጽሐፍ አላቸው። ታንኳ ያሰሩት፣ ፑንቲና የጠረጉት፣ ፒን የቀየሩት ግን እስካሁን ያላቸው አንድ የሃምሳ ገጽ ደብተር ነው፤ እሱም ዘጌ አንድ ጀልባ ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይገኛል። በየሰፈራችሁ አንድ ጋሼ፣ አንዲት እትዬ አይጠፉም፤ ሸማኔም ይሁኑ ሸክላ ሠሪ፣ ቶርኖ የሚያዞሩም ይሁኑ ጎሚስታ። ዕረፍት ስትወጡ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ከቻላችሁ እጃችሁንም አቆሽሹ። የጻፋችሁትን አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንይዝላችኋለን።

የበርሜሉን ውሃ አልደፋነውም። ዘይት ከላይ ቢንሳፈፍበትም የጋሼ ጎረቤት ለጭቃ ማቡኪያ ወሰዱት።